የሦስት ቀን ደወል

በራይን ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ፣ ሊቀ ጳጳስ ተቀብሮ መቃብሩ እንደተዘጋ፣ የካቴድራሉ ደወሎች ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ያለማቋረጥ እንዲደወሉ ደንብ አለ። ደንቡን ያወጡት አሁን በመንበሩ ያሉት ሊቀ ጳጳስ ናቸው፤ ያሳደጓቸውን፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩትን አባት በቀበሩ ዕለት። ሕዝቡ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «የልጅ ፍቅር ማለት ይህ ነው» ሲል ኖረ።

እሳቸው ግን ጸጥታ አይችሉም። ለብቻቸው ሲጸልዩ እንኳ አጠገባቸው ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ያስቀምጣሉ።

«ብፁዕ አባታችን፣» አላቸው አንድ ቀን ሽማግሌው ደወል ደዋይ ሩፐርት፣ «ያን ጊዜ ክንዴ ሊገነጠል ነበር። ሦስት ቀን ለምን አስፈለገ?»

«ሰማይ እንዲሰማ ነው» አሉት ፊታቸውን አዙረው።

ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያ የቀብር ዕለት፣ ያኔ አዲስ ተሿሚ የነበሩት እሳቸው መቃብሩ ዘንድ ብቻቸውን ተንበርክከው ሳለ፣ ከድንጋዩ ሥር መንኳኳት ሰምተው ነበር። ቀጥሎም አንድ የደከመ ድምፅ «ልጄ፣ አለሁ እኮ» አላቸው። ተነሥተው ወጡና፣ «ደወሎቹን ሁሉ ደውሉ፤ በቃ እስክል እንዳታቆሙ!» አሉ።

በፋሲካ ማግስት ሊቀ ጳጳሱ ቅዳሴ ላይ እንደቆሙ ወደቁ። ሲነቁ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እጃቸውን ቢያነሡ ቀዝቃዛ ድንጋይ ነካቸው። አንኳኩ።

«እስቲ ዝም በሉ!» አለ ከላይ አንድ ሰው። «የሚንኳኳ ነገር አለ።»

«አለሁ!» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከጉሮሯቸው አልወጣ አለ።

«ኧረ ተወው፣» አለ ሩፐርት፣ «መቃብሩ ተዘግቷል። አንዲት አፍታ እንዳትዘገዩ ያሉት ራሳቸው ናቸው።»

ትንፋሽ ሰብስበው ዳግመኛ ሊጮኹ ሲሉ፣ የመጀመሪያው ደወል ተደወለ።