ባዶ መስመር ላይ የፈረምኩት

መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮ ጣቱን መስመሩ ላይ ያስቀምጣል። «ይኸው። ያንቺ ፊርማ አይደለም?»

ነው። የኔ ነው። ጅራቷን አስረዝሜ ወደ ላይ የምጥላት ፊርማ፣ ትልቅ ቢሮ እንዳለው ሰው። ከጎኗ በሌላ ቀለም «የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አንድ ፖስታ» ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ ባለፈው ወር በሦስት ነው። ዛሬ አዲሱ ወር ከገባ አሥራ አራተኛ ቀኑ።

«ጋሼ፣ ውሳኔው እጄ የገባው ሰኞ ነው» እላለሁ። «ሰኞ፣ ስፌት ክፍል፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ። ያመጣችልኝ ጠባቂዋ ናት። ይጥሯትና ይጠይቋት።»

«መዝገቡ ግን ሦስት ነው የሚለው።»

የእስር ቤቱን መዝገብ ቤት የያዘው ይህ ሰውዬ ክፉ አይደለም። ማኅተሙ ከእጁ ስለማይለይ አባ ማኅተም እንለዋለን፤ ይሰማል፣ አይቆጣም። እንዲያውም ጣጣው የመጣው ከደግነቱ ነው። ወር በገባ ቁጥር በየክፍላችን ይዞርና ለሳሙናውም፣ ለጨርቁም፣ ለደብዳቤውም የወሩን መስመር ባዶውን ያስፈርመናል። «በየቀኑ ፀሐይ ላይ ከምትሰለፉ ቀኑን እኔ እሞላዋለሁ» ይላል። እኛም ደስ ብሎን፣ መርቀን ነው የምንፈርመው። ባለፈው ወር «ዕድሜ ይስጥዎት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፌን ይቁረጠውና።

ፖስታው በሦስት መጣ፣ እሱም ቀኑን ሞላ። ደብዳቤ የምትፈትሸው ሴት ግን ወሊድ ላይ ስለነበረች ፖስታው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ከረመ። እሷ ልጇን ስትታቀፍ የኔዋ ከእጄ ወጣች ማለት ነው። ይግባኝ የሚባለው ውሳኔው በደረሰሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ ነዋ!

ሁለቱን ገጽ በቃሌ ይዤዋለሁ። እናትየዋ ተጠርታ አልቀረበችም፣ ስለዚህ የአምስት ዓመቷ ልጅ ለሚያሳድጓት ባልና ሚስት ለዘለቄታው ተሰጥታለች ይላል። አልቀረበችም! በቀጠሮዬ ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ ከጠዋት እስከ ምሳ በር ላይ ተገትሬ፣ የመኪናው ጎማ ተንፍሷል ብለው የመለሱኝ እኔ፣ አልቀረብኩም። የተፈረደብኝ ሦስት ዓመት ነው፤ የቀረኝ አንዱ ነው። ሚጣዬን የሚወስዱብኝ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

«አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ» እላለሁ፣ የይግባኝ ማመልከቻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ። «ወረቀቱ የደረሳት ሰኞ ነው ብለው ማኅተምዎን ያሳርፉበት።»

ብዕሩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። «እህቴ፣ እሱን ከጻፍኩ እኮ መዝገቤ ውሸት ነው ማለቴ ነው። ባዶ ማስፈረሜ ይወጣል፤ ከሥራ ነው የሚያባርሩኝ።» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እኔም የልጆች አባት ነኝ።»

«እኔም የልጅ እናት ነበርኩ ልበልዎት እንግዲህ?»

ግንባሩን በእጅጌው ጠርጎ ስልኩን ያነሳል። «ቆይ፣ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ልጠይቅልሽ። በቂ ምክንያት ካለ ጊዜው ቢያልፍም የሚፈቅዱበት መንገድ ይኖር ይሆናል።»

የፋይሉን ቁጥር ከውሳኔው ላይ ያነብላቸዋል። እኔ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ እጠብቃለሁ። «የለም? እንዴት የለም?» ይላል፤ የሚጣዬን ስም ከነአባቷ ደጋግሞ ይነግራቸዋል። ከዚያ ብዙ ያዳምጣል፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል፣ ስልኩን ይዘጋል። አያየኝም።

«ምን አሉ?»

«ይግባኝ አልመጣም ብለው ባለፈው ሳምንት ፋይሉን ወደ አሳዳጊዎቹ ስም አዙረውታል። ማመልከቻውን በልጅሽ የድሮ ስም ብትጽፊ ገና መስኮቱ ላይ ይመልሱታል። አዲስ ስም አውጥተውላታል።»

«የአባቷን ስም ነው የቀየሩት?»

«ሁለቱንም።»

እስረኛ የማይቀመጥበት ወንበር ላይ ዘጭ እላለሁ፤ ተነሺ አይለኝም። ያንን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሆዴ ውስጥ ሳለች፣ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበስኩ፣ ስንቱን ስም ጥዬ ስንቱን አንስቼ። ማንንም አላማከርኩም፤ በሕይወቴ ያለ ማንም ፈቃድ ያደረግኩት አንድ ነገር እሱ ነበር።

የብዕር ድምፅ እሰማለሁ። እየጻፈ ነው። እስረኛዋ ውሳኔውን የተቀበለችው ሰኞ ዕለት መሆኑን፣ መዝገቡ ላይ ያለው ቀን የተሞላው በእሱ ጥፋት መሆኑን። ማኅተሙን ሁለቴ ይመታል፣ የመጀመሪያው ደብዝዞበት። «በቃ» ይላል፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ንጹሕ ወረቀት ከቁራጩ ጋር ወደ እኔ ይገፋል። «ማመልከቻሽን በአዲሱ ስሟ እንደገና ገልብጪው። ስርዝ ድልዝ ያለበትን አይቀበሉም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖስታ ይወጣል፣ በራሴ እጅ እሰጣለሁ።»

ቁራጩን አነባለሁ። ስሙ ያምራል። ምነው መጥፎ በሆነ፣ ይሻለኝ ነበር። አንዴ በሹክሹክታ እለዋለሁ፤ ፊት አይመጣልኝም።

ብዕሩን እቀበለዋለሁ። «ልጄ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እቆማለሁ፣ ከዚያም ፊደል እንዳልስት ቁራጩን እያየሁ የልጄን ስም እገለብጣለሁ።