ካሮቱን ማንም እንዳይነካ

ቤተሰቡ የጓሮ አትክልት ሲተክል የመጀመሪያው ነበርና፣ «ካሮቱን ሳይደርስ ማንም እንዳይነካ» ብላ ሁሉንም ያስጠነቀቀችው ራሷ እናትየዋ ነበረች። አሁን ግን ቤቱ ጭር ሲልላት መደቡ ዳር ቁጢጥ አለች፤ ግራ ቀኟን አየችና አንዱን በቅጠሉ ይዛ ሳብ አደረገችው። ከትንሿ ጣቷ አይበልጥም። ደግሞም ሳይታገላት ነው የወጣው፤ ቀድሟት ነቅሎ መልሶ የተከለው ሰው አለ። ሁለተኛውን ሞከረች፤ እንደዚያው። ሦስተኛውም ሰተት ብሎ ወጣ።

ሦስቱን ጨብጣ ብድግ ስትል አማቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል።

«ማነው እነዚህን የነካካው?» አለች ቆጣ ብላ፣ ጥፍሯ ውስጥ አፈር እንደሞላ።

«የመጀመሪያው የልጅሽ ነው፤ ሁለተኛው የባልሽ» አሉ አማቷ ረጋ ብለው። «የኔን ስትመልሺው አፈሩን ጠቅጠቅ አድርጊው። ትናንት ወገቤን ይዞኝ በደንብ አልቀበርኩትም።»