የመስኮቱ ልክ

ነኢማ የስፌት መኪናዋን ባጃጅ ላይ ጭና ከሮቤ መናኸሪያ ተነስታ የተከራየችው ሱቅ ስትደርስ፣ በሩ ተከፍቶ ውስጡ የሌላ ሰው ዕቃ ተደርድሮ አገኘችው። አከራይዋ አቶ ኃይለልዑል በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼዋለሁ» አሏት፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ነኢማ ከቦርሳዋ ውሉን አወጣች። የእሳቸውና የሦስት ምስክሮች ፊርማ ያረፈበት የሁለት ዓመት ውል ነበር። «ጋሼ፣ ከፈረሙልኝ እኮ ገና ሳምንቱ ነው። ገሰራ ከተማ የነበረኝን ቤት ለቅቄ ነው የመጣሁት።»

«መፈረሙን ፈርሜያለሁ፤ አልካድኩም። መብትሽ ነው፣ ክሰሺኝ። እስኪፈረድልሽ ድረስ ግን እሷ እዚህ ናት።»

ነኢማ ምስክሮቹን አሰበች። ሦስቱም የእሳቸው ጎረቤቶች ስለነበሩ፣ ፍርድ ቤት ቆመው እንደማይመሰክሩላት ገመተች። ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ባለባጃጁ ሌላ ሥራ እንዳለው ነግሯት፣ መኪናዋን በረንዳው ላይ አውርዶላት ሄደ። ወዴት እንደምትወስደው አላወቀችም፤ እጇን መኪናው ላይ አሳረፈች።

ይሄኔ አንዲት ወጣት ከሱቁ ጓዳ ብቅ አለች። የተባባሉትን አልሰማችም። የስፌት መኪናውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ልብስ ሰፊ ነሽ እንዴ? ለዚህ መስኮት መጋረጃ ትሰፊልኛለሽ? ቆይ፣ ሜትር ላምጣና እንለካው።»

አቶ ኃይለልዑል አንገታቸውን ደፉ። ነኢማ ውሉን በቀስታ አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«አያስፈልግም» አለቻት። «ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ነው። የተፈራረምን ዕለት ለክቼዋለሁ።»