ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ

በጀቱ የሚበቃው ለአንድ መንገድ ጥገና ብቻ ነበር። የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሳምቡሳ እየገመጠ፣ ዘይት በነካው ጣቱ ካርታው ላይ የከተማውን መግቢያ አስፋልት ጠቆመ። ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ቀረ። የጽሕፈት ቤቱ መሐንዲስ ከወንበሩ ተነሣ።

«እንግዳ ይመጣል ብላችሁ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ወደ ጎርባ የሚወስደው የገጠር መንገድስ? ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ፣ ጭቃው መሀል ሞተችባቸው!»

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ስልኩን ይነካካል፤ ሌላዋ ታዛጋለች።

«ምን ላድርግህ?» አለ ኃላፊው ጣቱን እየላሰ። «የምንመርጠው በዳሰሳው ቅጽ ነው። መግቢያው ‹መካከለኛ› ተብሏል፣ ጎርባ በጥቅሉ ‹ደህና›።»

«የትኛው ኅሊና ቢስ ነው ‹ደህና› ያለው?»

ኃላፊው ቅጹን አቀበለው። እስከ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ‹የተበላሸ› ይላል። ከዚያ እስከ ሃያኛው ድረስ ‹ደህና›፣ ‹ደህና›፣ ‹ደህና›።

መሐንዲሱ መንገዱን ሊዳስስ የወጣበት ቀን ትዝ አለው። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አላልፍ ሲለው፣ በበሬ አስጎትቶ ተመልሶ ነበር። የቀረውን የሞላው እዚሁ ቢሮ ቁጭ ብሎ ነው። ከግርጌው የራሱ ፊርማ አለ።

ኃላፊው የሳምቡሳውን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረገው።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»