አማካዩ ልጅ

«ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው መምህርቷ፣ ግድግዳው ጥግ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ቁመቱን በአንድ ሴንቲ ሜትር ለማሳነስ የሚታገለውን ልጅ። ከጎኑ አንዲት ልጅ ደግሞ በእግር ጣቶቿ ቆማ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጨመር ትንጠራራለች። ሁለቱ የሚሻሙት ሰሌዳው ሥር የተቀመጠውን ባዶ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ በቀለም ያሸበረቀ ወረቀት ተለጥፏል፤ «አማካዩ ልጅ» ይላል።

ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ግልጽ ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጆች በልብስ ሰፊ ሜትር ተለካክተው፣ ቁመታቸውን ደምረው፣ ለብዛታቸው አካፍለው መቶ ሠላሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር ላይ ደርሰዋል። ችግሩ፣ ክፍሉ ውስጥ መቶ ሠላሳ ስድስት የሚሆን ልጅ የለም። ልጅቷ በአንድ ታንሳለች፤ ልጁ በአንድ ይበልጣል።

መምህርቷ ግራ ገባት። የትምህርት ዕቅዷ ላይ «አማካዩ ቁመት ያለው ተማሪ በጭብጨባ ወደ ወንበሩ ይመጣል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ዕቅድ የክፍል ተጠሪው አንብቦ ፈርሞበታል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩም ማህተም መትቶበታል። እሷን ጨምሮ ሦስት የተማረ ሰው አይቶት አንዱም «ባይኖርስ?» አላለም። ጭራሽ ተጠሪው አስቀድማ እንዳትለካቸው መክሯት ነበር፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲደርሱበት ነው የሚጥማቸው ብሎ። ይኸው ደረሱበት።

ከኋላ ረድፍ ሱፐርቫይዘሩ በልጅ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሊገመግሟት ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። በመጀመሪያው ትምህርቱ ከሥርዓተ ትምህርቱ ዝንፍ ሳይል ተጠናቀቀና፣ ዓላማውን አሳክተሻል፣ ልጆቹ ግን ተኝተዋል ብለዋት ሄዱ። በሁለተኛው ክፍሉ በጨዋታ ቀውጢ ሆነ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ነቅተዋል፣ የተኛው ዓላማው ነው አሏት። ይህን ወንበር የፈጠረችው ሁለቱን ለማስታረቅ ስትል ነው። ዛሬም ካልሆነላት ከክፍል ወጥታ ማባዣ ክፍል ውስጥ የፈተና ወረቀት ስትደረድር ልትውል ነው፤ ከማስተማር ሌላ ደግሞ የምትወደው ሥራ የላትም።

ክፍሉ ታመሰ። አንዱ ሜትሩ ተለጥጧል አለ። ሌላዋ ተነስታ፣ ፀጉሯን ቆልላ የመጣችው ጓደኛዬ ከነቁልሏ ነው የተለካችው ብላ ከሰሰች። «ቀጭኔ» የሚሉት ረጅሙ ልጅ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ መስሎት አንገቱን ደፋ። መምህርቷ ሁለት ጊዜ በጠመኔዋ ሰሌዳውን መታች፤ የሰማት የለም። መቶ ሠላሳ ስድስት የሚሆነው ልጅ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

«ሚጢጢ» የሚሏት፣ ከሁሉም አጭሯ፣ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ልጁ ዛሬ ቀርቶ ይሆን እንዴ?»

መምህርቷ አታፍርም፣ ለአፍታ ተስፋ አደረገች። እውነትም አንድ ልጅ ታሞ ቀርቷል።

«እሱማ እኔን ያክላል» አለ ቀጭኔ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። «ከመጣ እሱም ይደመራል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያኔ ደግሞ ሌላ ልጅ ልንፈልግ ነው።»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይህ ነው። መምህርቷ የሚሆነው ነገር ትምህርት ይሁን ጥፋት መለየት አቃታት። በዕቅዱ መሠረት አሁን ጭብጨባ ነበር የሚሰማው፤ የሚሰማው ግን ክርክር ነው። ክርክሩ ደግሞ ስለ አማካይ ነው። ደስ ይበላት ወይስ ትፍራ?

ሱፐርቫይዘሩ ሲነሱ ጫጫታው ረገብ አለ። ክፍሉን በዐይናቸው ቃኝተው፣ በመጀመሪያው ጉብኝት አፉን ከፍቶ ያንቀላፋውን ልጅ ጠቆሙት። «አንተ ንገረኝ እስቲ፣ አማካይ ማለት ምን ማለት ነው?»

ድምሩ ለብዛቱ ሲካፈል በል፣ በል እንጂ፣ አለች መምህርቷ በሆዷ።

«እዚህ የሌለ ልጅ ነው» አለ ልጁ። ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «ግን ሁላችንም ያዋጣነው። ቀጭኔ ብዙ ሰጠ፣ ሚጢጢም የአቅሟን ሰጠች። እኩል ስንካፈለው እሱ ይወጣል።»

ሱፐርቫይዘሩ የያዙትን ቅጽ አዩ፤ መልሰው ልጁን አዩ። «የሚጠበቀው መልስ» ከሚለው ሥር የተጻፈው እንዲህ አይልም። በወንበሮቹ መሃል እየተሽሎከለኩ ወደ መምህርቷ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እህቴ፣ እኔም እዚህ ላይ ግራ ገብቶኛል። ይኼ ልጅ መልሷል ነው የምለው አልመለሰም?»

ሁለት ጊዜ ፈርደውባት የሄዱት ሰው ዛሬ ፍርዱን ከእሷ ይጠይቃሉ። እርግጠኛ አይደለችም፤ አፏ ግን ቀደማት።

«መልሷል፣ ጋሼ» አለች። «እኔ ዓመቱን ሙሉ ብለፋ እንደዚህ አድርጌ አላስረዳውም ነበር።»

ደወሉ ተደወለ። ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው መጻፍ ጀመሩ። የሚጽፉትን ልታይ ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ ሜትሩን ነጥቀው እየተጋፉ ሲወጡ ተከትላቸው በሩ ጋ ደረሰች።

ለእረፍት ወደ ሜዳ የሄደ የለም። መቶ ሠላሳ ስድስት የሚሆን ፍለጋ ከጎረቤት ክፍል የሚወጡትን ልጆች እያስቆሙ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያስደግፏቸዋል። ሜትሩን ይዞ የሚለካቸው ያ እንቅልፋሙ ልጅ ነው። አንድ የማታውቀው ትንሽ ተማሪ ተረከዙን ከግድግዳው ገጥሞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ለምን እንደተመረጠ ሳያውቅ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።