የወፎቹ ድርሻ

የዓሣ አጥማጆች ክበብ ሐይቁ ዳር ባዘጋጀው የመንጠቆ ውድድር ላይ፣ ሰብሳቢው አቶ ላቢሶ የሴት ልጃቸውን እጮኛ፣ ወጣቱን ተወዳዳሪ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ባዶ እጁን ለሚመለስ ልጄን አልድርም» አሉት። ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እጮኛው ትሰማ ነበር።

እስከ ቀትር ምንም አልያዘም። ጠዋት ከገበያ ገዝቶ በፌስታል የደበቀውን ዓሣ፣ ከሸምበቆው ጀርባ ሆኖ መንጠቆው ላይ ሰካውና ውሃ ውስጥ ጣለው። ጎትቶ ሲያወጣው ሁሉም አጨበጨበ፤ ከዚያ የሚበልጥ የያዘ ስላልነበረም አሸናፊ ተባለ። እጮኛው ፊቷ በራ፤ እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

በክበቡ ልማድ የአሸናፊውን ዓሣ ሆድ የሚሰነጥቁት ሰብሳቢው ናቸው። የሆድ ዕቃው አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይጣላል፤ እነሱም ከበው ይጠብቁ ነበር።

አቶ ላቢሶ ቢላዋቸውን አንስተው ዓሣውን ገለበጡት። ሆዱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ጸድቷል። ወጣቱ ጠዋት ዓሣ ሻጯ «ላጽዳልህ?» ስትለው ሳያስብ «እሺ» ማለቱ ያኔ ትዝ አለው።

ሽማግሌው ለሰዉ ጀርባቸውን ሰጥተው ቢላዋውን በስንጥቁ ላይ አስኬዱ። ከዚያም አንዳች ነገር እንደያዘ ሰው ባዶ እጃቸውን ወደ ወፎቹ ሰነዘሩ።

«ጎበዝ ነው ልጄ» አሉ፣ ሳያዩት።

ወፎቹ ሮጠው መጡ፤ መሬቱ ላይም ሲፈልጉ ቆዩ።