የጣሳ አጥር

ባልየው የፋብሪካ ደህንነት ተቆጣጣሪ ነው። ለእረፍት ጫካ ገብቶም ሥራው አለቀቀውም። ጫማ ሳይራገፍ አይጠለቅም። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው ገደል ማንም ዝር አይልም። ይህን ሁሉ ሲደነግግ ሚስቱ እሺ ብላ ተቀበለች።

ያጣላቸው ጣሳው ነው። ሚስትየው ማታ ማታ በድንኳኑ ዙሪያ ገመድ ወጥራ ባዶ የቲማቲም ጣሳዎች ታንጠለጥላለች።

«ቤት ስንሆን ከበሩ ኋላ ወንበር፣ እዚህ ደግሞ ጣሳ! አንቺ ሴትዮ፣ ሌባ በሕልምሽ ይመጣብሻል እንዴ?»

«ልማድ ነው። ስንጋባ እናትህ ናቸው ያስለመዱኝ።»

ጣሳዎቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ተንኳኩ። ባልየው በቅልጥፍናው ኮራ፤ ድምፁን ሰምቶ ዓይኑን ሲገልጥ ከድንኳኑ ውጭ ቆሟል። «የኔ ጆሮ አይተኛም» አለ። ያበገነው ሌላ ነው። ሁለቱንም ጊዜ፣ አጠገባቸው የሚያድረውን መንገድ መሪያቸውን ገመዱ አጠገብ ተገትሮ አገኘው።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ጣሳው ሲጮህ ሰምቼ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«ጣሳ በራሱ ይጮሃል?»

መንገድ መሪው ወደ ሚስትየው አየ። እሷ አቀረቀረች።

ባልየው ደሙ ፈላ። እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ደም መስሏል፤ ሊያርፍ መጥቶ ከሥራው የባሰ ደክሞታል። በማግስቱ ሰውየውን አሰናበተው። ከዚያ በሴንጢ ገመዱን በጣጥሶ ጣሳዎቹን ጆንያ ውስጥ ከተተ።

«ዛሬን ብቻ ተወው፣ በእናትህ» ብላ ሚስቱ ለመነችው። «ገደሉ ቅርብ ነው።»

«ሌባው ከሄደ ምን ቀረ? ገደሉ ተነስቶ አይመጣብን!»

መንገድ መሪው ቦርሳውን አንግቶ ሲያልፍ ከመሬት አንድ ረዘም ያለ ቁራጭ ገመድ አነሳና ለሚስትየው ሰጣት።

«ያዢው እህቴ» አላት። ተቀብላ ትራሷ ስር ሸጎጠችው።

ባልየው አመሻሹ ላይ ጋደም አለ። «አሁን ገና ሰላም አገኘሁ» አለና ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ጎህ ሲቀድ ብርዱ ቀሰቀሰው፤ አንዱ እግሩ ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ሌላው በቁራጩ ገመድ ታስሯል፣ የገመዱን ጫፍ ወገቧ ላይ የቋጠረችው ሚስቱ ደግሞ ከኋላው ዛፍ አቅፋ ትንቀጠቀጣለች።